አገጬ ደረቴን ሲነካ

ድምፅ ማጉያ የጫነችው መኪና በሰፈራችን ስታልፍ እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ካወራችው ሁሉ በደንብ የሰማሁት «ማጅራት» የሚለውን ብቻ ነው፤ የቀረውን የጎረቤት ውሻ በጩኸቱ በላው። «ማጅራት... ወደ ከተማችን በመግባቱ... ነዋሪው እንዲጠነቀቅ... ምልክቱን ያየ ሰው ለቀበሌው...» ማጅራት ከተባለ ደግሞ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማጅራት መቺ። ያ ከኋላ መጥቶ አንገት ላይ አሳርፎ የያዝከውን ነጥቆ የሚሮጠው ሌባ።

መፍራት ላይ እኔን የሚቀድም ሰው በሰፈራችን፣ በአዲስ ከተማ፣ አልነበረም። እርጥቡን አንሶላ እንደታቀፍኩ ሮጬ ገባሁ፤ በሩን ቀረቀርኩ፤ መስኮቱን ዘጋሁ። ቢመቱኝ እንኳ እንዲለዝብ ብዬ አንገቴን በጋቢ ሁለት ዙር ጠመጠምኩ። ከዚያ የባለቤቴን ከዘራ ይዤ በሩ ጀርባ ቆምኩ። እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ነኝ።

በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። በምሳ ሰዓት ሌላ ማን ይመጣል?»

«ብቻህን ነህ?»

«ከማን ጋር ልሁን?»

«ከኋላህ ሰው እንደሌለ ዞር ብለህ እይ እስቲ።»

ባለቤቴ መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው። ነገሩ ሁሉ ቀስ ያለ ነው። ዞር ብሎ አየ። «የለም» አለ። ከፈትኩለት። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ጋቢውን፣ ከዘራውን፣ ወለሉ ላይ ውኃ የሚያንጠባጥበውን አንሶላ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዘመቻ ልትሄጂ ነው?»

«ማጅራት መቺ ገብቷል እያሉ በመኪና ሲለፍፉ አልሰማህም?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሳቁ አዲስ ከተማን አልፎ ፒያሳ ይሰማ ነበር። ያን ቀን አልሳቀም።

«መቺ አይደለም» አለኝ፤ «ገትር ነው። ማጅራት ገትር። በሽታ ነው። ራስ ይፈልጣል፣ ያተኩሳል፣ ከዚያ አንገትን እንደ እንጨት ይገትራል። ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይጋባል።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ኮሌጅ ውስጥ አንዲት ልጅ ታማ ተወስዳለች። ግቢውን ዘግተውታል። ያለው አይወጣም፤ የወጣውም አይገባም።»

ያለችን አንዲት ልጅ ናት። ኮሌጅ ከገባች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነበር። ከቤታችን በእግር ተኬዶ ይደረሳል፤ እሷ ግን እንደ ጓደኞቼ መኝታ ቤት ልደር ብላ እዚያው ገባች። እኔም እሺ አልኩ። ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ መሬት ቁጭ አልኩ። መቺ ቢሆን ከዘራው ይበቃኝ ነበር።

በማግስቱ አንድ የጤና ረዳት ቀበሌ መጥቶ ትምህርት ሰጠን። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን አንድ ነገር ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር። «ምልክቱን በቀላሉ ታውቁታላችሁ» አለ። «አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ዝቅ አድርጉ። ከነካ ብዙ አትስጉ። ራሳችሁን አሟችሁ፣ አተኩሷችሁ፣ አገጫችሁ አልነካ ካለ ግን ሩጡ።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንገቴ ሥራ አልፈታም። ወጥ ሳማስል አገጬን ወደ ደረቴ፤ ውኃ ስቀዳ አገጬን ወደ ደረቴ። ነካ። እሰይ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፤ አሁንስ? ነካ። አንዳንዴ በደንብ አልነካ እንደሆነ ብዬ በእጄ እጫነዋለሁ። ከዚያ በመጫን ብዛት አንገቴ ይታመማል፤ አንገቴ ሲታመም ይኸው ያዘኝ ብዬ አለቅሳለሁ።

ጎረቤቴ ከከተማችን ወጣ ብላ ካለችው ከቱላ የመጣች ናት። ጴንጤ ናት፤ ከልጅነቷ ያደገችው በሲዳምኛ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። እኔ በሲዳምኛ ከሰላምታ አላልፍምና ስቄባት አላውቅም። በአጥር አሻግራ አየችኝና፣

«አንተ ምን ሆነህ ነው? እንደ ዶሮ ጥሬ ትለቅማለህ?»

«አንገቴን እየሞከርኩ ነው።»

«ስንት ጊዜ ትሞክራለህ? አንገት ቁልፍ ነው እንዴ?»

ስቃብኝ ገባች። ቆይቼ ሳያት ግን እንሰቷን እየፋቀች አገጯን ደረቷ ላይ ታደርጋለች።

በዚያው ሰሞን ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ተራርቀን እንድንቀመጥ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ነበር። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ስለ ኮሌጁ ልጆች ተናገረ። ቤተሰብ ስንቅ እየያዘ በሩ ላይ ተኮልኩሏል፤ ይህ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ የሁሉንም ስንቅ ሰብስባ በየቀኑ እስከ አጥሩ የምታደርስ፣ መልእክትም የምታመላልስ አንዲት ቆራጥ እናት ትመረጥ አለ። ቆራጥ ሲል እኔ ምን አገባኝ? ከኋላ ቁጭ ብዬ አንገቴን እሞክራለሁ።

«ጓድ፣ እርስዎ ፈቃደኛ ነዎት?» አለ ወደ እኔ እያየ።

ስሜን ሳይጠራ ለእኔ ይሁን ለሌላ አላወቅሁም። ደንግጬ አገጬን ደረቴ ላይ አደረግሁ።

«አጥሩ ድረስ ይሄዳሉ?»

ይበልጥ ደነገጥኩ፤ ደግሜ አደረግሁ። በደንብ እንዲነካ ብዬ ጫን አልኩት።

«ጓዶች፣ ፈቃደኝነታቸውን ሁለት ጊዜ አረጋግጠዋል! ይጨብጨብላቸው!»

ተጨበጨበ። ቀይ ጨርቅ ክንዴ ላይ አሰሩልኝ። ቤት ገብቼ የሆነውን ስነግረው ባለቤቴ ጨርቁን አየና፣ «ካገባሁሽ ጀምሮ አንድም ቀን ለኔ እንዲህ ነቅንቀሽልኝ አታውቂም» አለ። ቢሆንም ስንቁን የተሸከመልኝ እሱ ነው፤ እስከ ኮሌጁ መታጠፊያ ድረስ።

ኮሌጁ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ከሽቦው አጥር ወዲህ በኖራ መስመር ተሰምሯል፤ ወዲያም እንዲሁ። «ጓድ፣ ከመስመሩ እንዳያልፉ!» አሉኝ። ስንቁን ለማድረስ ብቻ ገባ ብዬ፣ በአጥሩ ሥር አሾልኬ ወደ መስመሬ እመለሳለሁ፤ ልጆቹ መጥተው ያነሳሉ። ሥራዬ ይኸው ነበር።

ልጄ ከሁሉም ኋላ መጣች። ዓይኗ ጎድጉዷል። ፀጉሯ አልተነካም። እግሯ ላይ የማላውቀው ቡኒ ጫማ አለ፤ ጠቧት ተረከዙን ረግጣዋለች።

«እናቴ፣ ደህና ነሽ?» አልኳት።

አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አደረገች። እሺ ማለቷ መስሎኝ ነበር። ደገመችው። ሠለሰችው። በእጇ ማጅራቷን ይዛ ጫን አደረገችው። በመስታወት ራሴን ያየሁ መሰለኝ። በሽታው ባይዛት ፍርሃቴ ይዟታል።

አንድ ረጅም ልጅ፣ የጎንደር ልጅ ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ነገረኝ። «እማማ፣ ታማ የተወሰደችው የእሷ መኝታ ክፍል ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ አትበላም፣ አታወራም። አልጋዋ ላይ ሆና አንገቷን ስትሞክር ነው የምትውለው። ሐኪሙ አይቷት ምንም የለብሽም ብሏታል። አልሰማችውም።»

«ታዲያ እናንተን እዚህ ዘግተው ምንም አላደረጉላችሁም?»

«አድርገዋል። እንዳንጨነቅ ብለው የውይይት ክበብ አቋቁመውልናል።»

«በምን ላይ ትወያያላችሁ?»

«በወቅታዊው ሁኔታ።»

«ስለ በሽታው?»

«አይ፣ ስለ በሽታው ማውራት ክልክል ነው። ድንጋጤ ይፈጥራል።»

ሁለት ቀን ተመላለስኩ። አይዞሽ እላታለሁ፤ ዘበኛውም አይዞሽ ይሏታል፤ ልጆቹም አይዞሽ ይሏታል። አገልግሉ ግን እንደሞላ ይመለሳል። ባለቤቴ ክዳኑን ከፍቶ ያያል፣ መልሶ ይከድነዋል። ያ ቀልደኛ ሰው ቀልድ አለቀበት። ልጄ እንዲህ ሆና አንድ ሳምንት ብትቆይ በሽታውን ምን አስፈለገው?

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ስንቃቸውን አንስተው ዝም ብለው ቆሙ። አንዱም አያወራም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ የሴቶች ማኅበራችን ስብሰባ ዝምታ ነው። እዚያ እንዲህ ዝም ዝም ሲባል ሊቀመንበሯ «ግለ ሂስ!» ትላለች። ግለ ሂስ ማለት ተነስተህ የራስህን ጥፋት በራስህ አፍ መናገር ነው። እኔ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ብዙ ቃል አላውቅም፤ ያቺን ግን አሳምሬ አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ ወጥ አርሮብኝ ስብሰባ ስላረፈድኩ ግለ ሂስ አድርጌ ጭብጨባ አግኝቼባታለሁ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ!»

ዘበኛው ቃሉን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጆቹ ቀና አሉ።

«አንደኛ፣ በሽታው ሲነገር ሌባ መስሎኝ ከዘራ ይዤ በር ጀርባ ቆሜ አረፈድኩ። ሁለተኛ፣ ስብሰባ ላይ የነቀነቅሁት ፈቅጄ አይደለም፤ አንገቴን እየሞከርኩ ነው። ሦስተኛ፣ ቆራጥ እናት ተብዬ መጣሁ እንጂ አሁን እግሬ ይንቀጠቀጣል። ይመዝገብልኝ።»

መጀመሪያ አንዷ በሳቅ ፍርፍር አለች። ከዚያ ሁሉም ፈነዱ። ረጅሙ ልጅ አጥሩ ላይ ሊወድቅ ደረሰ።

«ተመዝግቧል፣ ጓድ እናት!» አለ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቀረና፣ «እኔም ግለ ሂስ አለኝ» አለ። «ሳል ይዞኛል። እንዳይሰሙኝ ትራስ ነክሼ ነው የምስለው። ያልያዘኝ በሽታ የለም፤ ሁሉም ይዞኛል።»

«ሳል የዚህ ምልክት አይደለም ተብሏል አይደል?» አልኩት።

«ተብሏል። ግን ለአንገቴ ማንም አልነገረውም።»

አንዷ ቀጠለች፤ ለአባቴ ደህና ነኝ ብዬ ጽፌ ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ አለቅሳለሁ አለች። አንዱ ደግሞ የሳሙና ድርሻ ሲታደል ሁለቴ ተሰልፌያለሁ፤ እጄን ስታጠብ ነው የምውለው ብሎ የላጠ እጁን አሳየን። ሁሉም ሲናገር ትከሻው ዝቅ ይላል። በመጨረሻ ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔም አለኝ። ይህ ጠመንጃ... ጥይት የለውም።»

«ይኼኛው አይመዝገብ!» አልናቸው ሁላችንም ባንድ አፍ።

ልጄ አልተናገረችም። ግን አልሄደችም፤ እስከ መጨረሻው ቆመች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከስንቁ በኋላ ግለ ሂስ ሆነ። ሊቀመንበሩ ወሬው ደርሶት አንድ ቀን መጣ። «ጓድ፣ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው የሚባለው ምንድነው?» አለኝ። «ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ግለ ሂስ ነው» አልኩት። ግለ ሂስን ማን ይከለክላል? እሱም መከልከል አቃተው። ትንሽ ቆሞ አዳመጠ፤ «ይበል የሚያሰኝ ነው» አለና በሪፖርቱ ሊያስገባው ጻፈው። ሲሄድ ከኋላው አየሁት፤ መታጠፊያው ላይ ሰው የሌለ መስሎት አገጩን ደረቱ ላይ አደረገ።

በማግስቱ ልጄ አፏን ከፈተች። ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር።

«ግለ ሂስ አለኝ።»

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

«ያቺ የክፍሌ ልጅ ራሴን አመመኝ አለችኝ። ፈተና ልትሸሺ ነው አይደል፣ ተኚ አልኳት። ተኛች። ክፍል ሄጄ ስመለስ መናገር አትችልም ነበር። በቃሬዛ ወሰዷት።» ቡኒውን ጫማ አየች። «ሞታለች። እንዳንደነግጥ ብለው ደብቀውን ነው።»

ይመዝገብ ያለ የለም። አይዞሽ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ያ ቃል ከእሷ ዘንድ እንደ አገልግሉ ሳይነካ የሚመለስ መሆኑን አውቃለሁ። ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ሄጄ አያታለሁ።»

ማን እንዳናገረኝ እግዜር ይወቅ። እኔ ሆስፒታል ገና ከሩቅ የመድኃኒቱ ሽታ ሲመጣ የምመለስ ሰው ነኝ። ቤት ገብቼ ለጎረቤቴ ስነግራት፣ «አንተ ብቻህን አትሄድም» ብላ ነጠላዋን ለበሰች። ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥሬ አንገቴ ላይ፣ ደግሞ በመቀነቴ፣ ደግሞ በጡት መያዣዬ አደረግሁ። እኔ መንገዱን ሁሉ ገብርኤልን እጠራለሁ፤ እሷ ጮክ ብላ በኢየሱስ ስም ትገሥጻለች።

«ቀስ በይ፣ ሰው ያየናል» አልኳት።

«ይየን! ያንተም የኔም ይስማ። ዛሬ አይመረጥም።»

ልጅቷ የተኛችበት ዋርድ መስኮት ጋ ነርሷ አስቆመችን። «ከዚህ አታልፉም። ከውጭ ሆናችሁ አናግሩ» አለችና አፍንጫዋን ያዘች፤ «ምንድነው የሚሸተው?» አንገቴ ላይ ያለውን ቋጠሮ በነጠላዬ ሸፈንኩ። ወደ ውስጥ ለማየት ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

«ጨፍነህ ምን ታያለህ?» አለች ጎረቤቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ።

ገለጥኩት። አንዲት ከሲታ ልጅ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ የሾርባ ሳህን ታያለች፤ እንደ ጠላት ነው የምታየው። ማን እንደሆንኩ፣ የማን እናት እንደሆንኩ ነገርኳት።

«የእሷ እናት ነዎት?» ልጅቷ ሳህኑን አስቀመጠች። «ቡኒ ጫማዬን አድርጋዋለች አይደል?»

ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ።

«አድርጋዋለች! አውቄያለሁ! እግሯ ከኔ እግር ይበልጣል። ተረከዙን ረግጣው ከሆነ ተነስቼ ነው የምመጣባት ብለው ይንገሩልኝ!»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። እንደምንም ብዬ ስለዚያ ቀን ጠየቅኋት፤ ልጄ «ተኚ» ብላ ገደልኳት ብላ እህል እንደተወች ነገርኳት። ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠች።

«ፈተናውን ልሸሽ ነው ብዬ የነገርኳት እኮ እኔ ራሴ ነኝ! መጀመሪያ እውነትም ለመሸሽ ነበር ራሴን አመመኝ ያልኩት። ከዚያ የምር አመመኝ። እሷ ያልኳትን አመነች፤ ሌላ ምን ታድርግ?» አለችና ሾርባውን አንስታ ፉት አለች። «አሁን ፈተናው ቀርቷል አሉ። ይኼን ሁሉ ታምሜ በከንቱ!»

መስኮቱ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ነርሷ ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሳት ብላ አዘነችልኝ።

እየተመለስን ልጄን የማጽናናበትን ቃል በልቤ አዘጋጀሁ። ጥሩ ጥሩ ቃል ነበር፤ ከጋዜጣ የሚወጣ ይመስል ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ ልጄ ከሁሉም ፊት፣ ኖራው ላይ ሊረግጥ በደረሰ እግሯ ቆማ ጠበቀችኝ። ፊቷን ሳይ ቃሉ ሁሉ ጠፋኝ።

«ተረከዙን ረግጠሽው ከሆነ ተነስታ ነው የምትመጣብሽ!» ብዬ ጮህኩ።

ልጄ ፈዘዘች። ወደ ጫማው አየች። ወደ እኔ አየች።

«ምን አልሽ?»

«ቡኒ ጫማዬን አድርጋዋለች አይደል አለች። እግርሽ ከእግሬ ይበልጣል አለች። ደግሞ ፈተና ልሸሽ ነው ያልኳት እኔ ራሴ ነኝ አለች። ሾርባ እየጠጣች ነው።»

«እግሯ ይበልጣል አለች?» አለች ልጄ። «እሷ ናት። እማዬ፣ እሷ ናት! እንዲህ የምትለው እሷ ብቻ ናት!»

ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ጓደኞቿ ከበቧት። ከዚያ ሁለቱንም ጫማዎች አወለቀችና የተረገጠውን ተረከዝ በጣቷ ወደ ላይ እያቃናች ታሸው ጀመር። አንገቷን ደፍታ፣ አገጯ ደረቷ ላይ ሙሉ ለሙሉ ተኝቶ፣ ሥራዋን ትሠራለች። አንገቷ ትዝ አላላትም። እኔ አየሁት፤ ግን እንዳትሰማኝ ትንፋሼን እንኳ ዋጥ አደረግሁ።

ቆይታ ቀና አለች።

«እማዬ፣ አገልግሉ ውስጥ ምንድነው ያለው?»

ሽሮ ነበር። ከእኔ ጋር የተላከውን የአምስት ሰው ስንቅ በላች ብል ረጅሙ ልጅ ይመሰክርልኛል፤ የእሱም ከዚያው ውስጥ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ክትባቱ ደረሰ። በሲሪንጅ አልነበረም፤ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ክንድ ላይ አስደግፈው ጠሽ ያደርጉታል። ልጆቹ አንድ በአንድ ሲወጉ፣ እኔ ስንቅ አመላላሽ ስለሆንኩ ከቀበሌያችን ቀድሜ ተወጋሁ። ሽጉጡን ሳይ ጮህኩ፤ ወጊው ገና አልነካኝም ነበር። ዘበኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይኼኛው ጥይት አለው» አሉኝ።

ቆይቶ አንድ ቀን በሩ ተከፈተ። ልጄ ሻንጣዋን ይዛ፣ በራሷ ጫማ፣ ቡኒውን በብብቷ ሸጉጣ ወጣች። በመጀመሪያ የሄድነው ወደ ሆስፒታል ነው፤ ጫማውን ለጓደኛዋ መለሰች። ሁለቱ በመስኮት ሲሰዳደቡ ነርሷ ታማሚ አለ ብላ አባረረችን።

ቤት ገብተን ምሳ ቀረበ። ጎረቤቴም ቆጮ ይዛ መጣች። ልጄ ስትበላ ባለቤቴ እሷን ያያል፣ እኔን ያያል።

«አንቺ ሴትዮ» አለኝ፣ «ዛሬ አንገትሽን አልሞከርሽም።»

እውነቱን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ረስቼው ነበር። ልሞክረው አሰብኩና ተውኩት።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከዘራው ቦታው ላይ ተሰቅሏል። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።